አብሽር የሚባለው ማሽላና የአባቴ አገዳ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። አባቴ ግራና ሸለቆ ውስጥ ማሽላ ያርሳል። ዘንድሮም እንደ አምናው፣ አምናም እንደ አያቴ፣ የዘራው ደጋሊት ነው። ደጋሊት ረዥም ነው፤ ሲቆም የሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል። ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ይዘራና ህዳር ላይ ይታጨዳል። በልጉ ከቀረ ወይ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ከተቆረጠ ፍሬው አይሞላም፤ የሚተርፈው አገዳው ነው። ዘንድሮ ተቆረጠ።

ከአባቴ ማሳ ብዙም ሳይርቅ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከዚያ የወጡትን ዝርያዎች ስም ስታነቡ የወሎን ካርታ የዘረጋችሁ ይመስላችኋል። ማሽላው ግራና-1፣ የጁ፣ ሆርማት ይባላል። ጤፉ ዞብል፣ መቻሬ። የሰፈራችንን ስም የተሸከመ ማሽላ አለ ማለት ነው። እኛ ማሳ ላይ ግን በቅሎ አያውቅም።

አባቴ አልሞከረም እንዳትሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ ሄዶ (ስሙን ተዉት) ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ብሎ ተመዘገበ። ዘሩ የመጣው ነሐሴ 10 ነው። ነሐሴ 10 ማሽላ አይዘራም። ከረጢቱ እስካሁን ከጎታው ጀርባ ተቀምጧል። መድኃኒት የተለወሰ ስለሆነ ለዶሮ እንኳ አይሰጥም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የአገራችን የግብርና ምርምር ይጠናከር ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። ምኑ ነው የሚጠናከረው? ገንዘቡ? ሰዉ? ወይስ ከምርምሩ ተነስቶ አባቴ ማሳ ድረስ ያለው መንገድ? የኔ አቋም የመጨረሻው ነው። ምርምሩ ስራውን ሰርቷል፣ የተበላሸው መንገዱ ነው። እስኪ ተከራከሩኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ተከራከሩኝ ማለት አልነበረብኝም። ክሩ ረዘመ፣ ግማሹም ስለ ጤፍ ሆነ። አሁን ለምትገቡ ሰዎች ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ላጫውታችሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ግብርና ኮሌጅ ያስተማረ መምህር ነው። ጨዋ ሰው። በአቋሜ ተስማማ፤ መንገዱ ለምን እንደተበላሸ ሲያስረዳ ግን እኔ ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። አዲስ ዝርያ ሲለቀቅ ተመራማሪው እጅ ያለው ዘር ትንሽ ነው። ለገበሬ እስኪበቃ ሦስት አራት ጊዜ እየተዘራ መባዛት አለበት፤ እያንዳንዱ ዙር አንድ ክረምት ይበላል። ታዲያ ማን ያባዛው? ዲቃላ በቆሎ ቢሆን አባዢው ይሻማበታል፤ ገበሬው በየዓመቱ ተመልሶ ይገዛላ። ማሽላ ግን እንደዚያ አይደለም። ገበሬው አንዴ ገዝቶ ካማረው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከራሱ ማሳ ጥሩ ጥሩውን ዛላ መርጦ ጭስ ላይ ይሰቅላል። ዳግመኛ ገበያ አይወጣም። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ደንበኛ አይወድም።

2. አንድ መስመር ናት። ለአባቴ ሰላምታ ልኮ፣ ጥንቅሽ ዘንድሮ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ደርሷል።

3. ይሄኛው ጎራዴውን መዞ ነው የገባው። ተመራማሪ ለደረጃ እድገት ወረቀት ከማሳተም ሌላ ስራ የለውም ባይ ነው። ገበሬው ከምርምር ያገኘው የመስክ ቀን ኮፍያና ቲሸርት ብቻ ነው። እሱም አንዴ የመስክ ቀን ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ምሳው ጥሩ እንደነበር አልካደም። ይህን መልስ ሰው ሁሉ ወደደለት። እኔም ሳቅኩ፤ ያ ኮፍያ አባቴ ቤትም አለና። ወፍ ሲጠብቅ ነው የሚያደርገው።

4. ተመራማሪ ነው። የት እንደሚሰራ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። በቁጥር 3 ደሙ ፈልቷል፤ ንዴቱ ግን ባዶ አይደለም። አንድ ዝርያ ከመዳቀል እስከ መለቀቅ አስር ዓመት ግድም ይፈጃል። የፕሮጀክት ብር የሚመጣው ደግሞ ለሦስት ዓመት ነው። አራተኛው ዓመት ላይ ሙከራው ማሳ ላይ አለ፣ የመኪናው ነዳጅ የለም። አብረውት ከተቀጠሩት ውስጥ ብዙዎቹ ወደ እርዳታ ድርጅትና ወደ ዩኒቨርሲቲ ተበትነዋል። ሰው በሄደ ቁጥር የጀመረው ማዳቀል ማስታወሻ ደብተር ላይ ይቀራል፤ የሚተካው ልጅ የእጅ ጽሑፉን ለማንበብ ብቻ አንድ ክረምት ይፈጅበታል።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። ምርምሩ ስራውን ሰርቷል ማለቴ ከኮፍያው በላይ ነው ያናደደው። ምርምር እንደ ድልድይ አንዴ ተሰርቶ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር አይደለም። ስንዴን ምሳሌ አደረገ። ቁብሳ የሚባለው የዳቦ ስንዴ የአገሩን ማሳ ሞልቶት ነበር። በ2003 ዓ.ም መኸር ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ተነስቶ ቁብሳን አጨደው። ገበሬው ቢጫ ዋጉን ወደሚችለው ዲገሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ በ2006 ዓ.ም፣ አርሲና ባሌ ላይ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣና በተራው ዲገሉን መታው። ተመራማሪ ቢተኛ ዋግ አይተኛም ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ የአቋሜ ግማሽ ተናደ። ሳልጨቃጨቅ አመንኩለት።

5. ብር ብቻ ነው የጎደለው ባዩ ደረሰ። የአፍሪካ አገሮች ከበጀታቸው 10 በመቶውን ለምርምር ለመስጠት ሞዛምቢክ፣ ማፑቶ ላይ ፈርመው የለ ወይ፣ የት ገባ ይላል።

6. ወልድያ ተወልዳ አዲስ አበባ በኢኮኖሚ ባለሙያነት የምትሰራ ልጅ አረመችው። የማፑቶው ስምምነት እ.ኤ.አ. የ2003 ነው፤ 10 በመቶው ለምርምር ሳይሆን ለግብርናው ዘርፍ በሙሉ ነው። ማዳበሪያውም፣ መስኖውም፣ ደመወዙም እዚያ ውስጥ ይገባል። ለምርምር የሚጠቀሰው መለኪያ ሌላ ነው፦ ከግብርናው ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 1 በመቶ። ኢትዮጵያ ከዚያ በታች ነው የምታወጣው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በትህትና ነው የጻፈችው። ቁጥር 5 ግን አልመለሰም። በዚህ ቤት ሰው ሲታረም ይጠፋል።

7. ከውጭ አገር የሚጽፍ ወንድማችን፣ መንግሥት እጁን አውጥቶ ምርምሩን ለኩባንያ ይተው አለ። አሜሪካ ያለውን የበቆሎ እርሻ ፎቶም አያያዘ። ማሳው ያምራል፣ መዋሸት አያስፈልግም።

8. የቆቦ ሴት ናት፤ አለሳልሳ መናገር አትወድም። ቁጥር 1ን አላነበብክም ወይ ብላ ጀመረች። ዘሩን አንዴ ገዝቶ ለልጅ ልጁ የሚያወርስ ገበሬ ዘንድ የትኛው ኩባንያ ይመጣል? ለበቆሎ ይመጣ ይሆናል። ለማሽላ፣ ለጤፍ፣ ለጓያ ማን ይመጣል? ሌላም ጨመረች። ቆቦ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ነው። ከዚያ ተነስተህ ላስታ ብትወጣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ታች ማሽላ በሙቀት ይንጨረጨራል፣ ላይ ገብስ ውርጭ ይመታዋል። ይህን ሁሉ የአየር ጠባይ በአንድ ዘር የሚሸፍን ነጋዴ ካለ ስልኩን ስጠኝ አለችው። አልሰጣትም።

9. በእድሜ ወጣት የሚመስል ልጅ፣ አብሽር የሚባል ማሽላ እንዳለ ሰምቶ ጠየቀ። ስሪንቃ ነው የፈጠረው አለ። ወሎዬ ያልሆናችሁ አንባቢዎች፣ አብሽር እኛ ዘንድ የሰርክ ቃል ነው፤ አይዞህ፣ ግድ የለም፣ እሺ፣ ሁሉንም ይሆናል። ገበሬ አቀንጭራ በሚባለው አረም ያለቀ ማሳ ፊት ቆሞ የዘሩ ስም አብሽር ነው ሲባል የሚሰማው ነገር አለ።

10. ቁጥር 4 ተመልሶ መጣ፣ በዚህኛው ረጋ ብሎ። አብሽርና ጎብዬ እዚህ ተፈትነው ነው የተለቀቁት እንጂ መነሻቸው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ዘንድ ነው። ሰውየው በአቀንጭራና በማሽላ ስራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል።

አቀንጭራን ለማያውቁ የከተማ ልጆች ሲያስረዳ ጎበዝ መምህር ይወጣዋል። አበባዋ ሐምራዊ፣ ለዓይን የምታምር አረም ናት። ስሯን ማሽላው ስር ላይ ሰክታ ትመጠዋለች፤ ከአፈር ብቅ ስትል ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል። አንዷ በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃው የማሽላ ስር የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሲነካው ነው። አብሽር ያን ንጥረ ነገር የሚያወጣው በጥቂቱ ነው። እናም አቀንጭራዋ ማሽላ መዘራቱን ሳትሰማ ተኝታ ትቀራለች።

ጨዋታው ወደ ዋናው ጉዳይ የገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አገር ውስጥ ያለው ምርምር ሁሉንም ነገር መፍጠር የለበትም። ከውጭ የመጣውን ተቀብሎ እኛ አፈር ላይ የሚፈትን፣ የማይሆነውን የሚጥል፣ የሚሆነውን ስም አውጥቶ የሚለቅ ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ፐርዱ ያለው ዘር እዚያው ፐርዱ ይቀር ነበር።

11፣ 12፣ 13. እነዚህን አንድ ላይ ላውራ። አንዱ ቁንጮ ጤፍ የወሎ ነው አለ። ሌላው የቢሾፍቱ ነው ብሎ አረመው፤ ልክ ነው፣ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ በ1998 ዓ.ም የተለቀቀ ነው። ሦስተኛው የቆቦ ጤፍ ከአድአ ጤፍ ይበልጣል ብሎ እሳቱን ለኮሰና ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ እንጀራ ዓይን፣ ስለ እርሾ፣ ስለ ሚስቱ እጅ የማይጻፍ ነገር አልቀረም።

ከዚያ ሁሉ ጫጫታ አንዲት ነገር ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ የመምህሩ ናት። ጤፍ ለረጅም ጊዜ ማንም ሊያዳቅለው አልቻለም ነበር። አበባው ከማነሱ የተነሳ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶክተር ታረቀ በርሄ ሰዓቱን አገኙት፦ ማለዳ፣ ከ12:45 እስከ 1:30 ግድም። አበባው በዚያች ሰዓት ተከፍቶ ተመልሶ ይዘጋል። ቁንጮ የተገኘው ያቺ ሰዓት ስለታወቀች ነው። በማጉያ መነጽር ማለዳ ማለዳ ጤፍ ላይ ያጎነበሰ ሰው እስቲ አስቡት። ለዚህ ነው የሦስት ዓመት ፕሮጀክት የማይበቃው።

14. ሐራ አካባቢ ያደገች፣ አሁን ደሴ ነርስ የሆነች ሴት ናት። ክሩን ያዞረችው እሷ ነች። ስለ ዘርና ስለ ብር ይሄን ያህል ስታወሩ፣ አገዳውን ያነሳ ሰው አጣሁ ብላ ተገረመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቷ ላም ከህዳር እስከ ሰኔ የምትበላው የማሽላ አገዳ ነው። ከአገዳው ጠንከር ያለው አጥር ይሆናል፣ ጣሪያ ይሆናል። የቀረው ምድጃ ይገባል። ደጋሊት ዝናብ ቢቋረጥበትና እህል ባይሰጥ እንኳ አገዳው ይተርፋል፤ ላሚቱ አትሞትም። አጭሩ አዲስ ማሽላ ግን ወገብ ደረት ቢደርስ ነው። እህሉ ጥሩ ነው፣ እሺ። ላሟስ ምን ትብላ? እናቷን ሊጠይቅ የመጣ ሰው የጠየቀው ከሄክታር ስንት ኩንታል እንዳገኘች ብቻ ነው። የአገዳውን ቁመት ክንዱን ዘርግቶ የለካ የለም። እንጀራው በሁለተኛው ቀን ይደርቃል ወይ ብሎ የጠየቀም የለም። ይደርቃል።

ወፉንም አነሳች። ሰፈሩ ሁሉ ደጋሊት ዘርቶ አንተ ብቻ ቶሎ የሚደርሰውን ብትዘራ፣ የአገሩ ወፍ በሙሉ ያንተ እንግዳ ነው። ሌላው ገና አረንጓዴ ሆኖ ያንተ ቀልቷላ። ይህን አንብቤ ዝም አልኩ። እኔ ልጅ ሆኜ መስከረምና ጥቅምት ማማ ላይ ነበር የምውለው። ወንጭፉ ጣቴን ልጦት ነበር። አንድ ጎረቤታችን ብቻውን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ዘርቶ፣ ግሪሳው በሁለት ቀን ዛላውን ባዶ ገለባ አድርጎበት አይቻለሁ። ያንን እያወቅኩ የመክፈቻ ጽሑፌ ውስጥ ስለ ወፍ አንድ ቃል አላነሳሁም። ከተማ ሲኖሩ እንዲህ ነው።

15. አንድ ሽማግሌ፣ በልጅ ልጃቸው ስልክ። ጽሑፉ ላይ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ ትንፋሽ ሳይወስዱ ነው የጻፉት። የሰባ ሰባቱን አስታወሱ። ሰው የዘሩን እህል ቀቅሎ ሲበላ አይተዋል። ዘር የተበላበት ቤት ዝናብ ቢመጣም ባዶ እጁን ነው። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች የገበሬውን ዘር ሲሰበስቡ እንደነበር ትዝ ይላቸዋል፤ ማን እንደሆኑ ግን ያኔ አላወቁም። ከስር መምህሩ ሞላላቸው። በ1968 ዓ.ም የተቋቋመው የዘር ባንክ ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸው ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። በኋላም ወሎና ሸዋ ውስጥ ገበሬው የአያቱን ዘር ማሳው ላይ እየዘራ እንዲያቆየው አብረው ሰርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ስራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሽማግሌው ወተት በጉንጬንም አነሱ። ፍሬው ጭምድድ ያለ፣ ለዱቄት ብዙም የማይሆን፣ እሸቱ ሲጠበስ ግን ስሙን የሚያስከብር ማሽላ ነው። ድሮ በማሳው መሃል ጣል ጣል ተደርጎ ይዘራ ነበር፣ ለልጆች። እዚህ ላይ ቁጥር 4 መታገስ አልቻለም። የፐርዱ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ አጋማሽ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ዓይነት መርምረው ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የላቁ ሁለት አገኙ። ሁለቱም የተገኙት ከወሎ ነው። እናቶቻችን ለልጅ የሚሆነውን ማሽላ ለይተው ያወቁት ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ነው።

16. አንድ ሰው ፖለቲካ ሊያመጣ ሞከረ። ጦርነቱ ስሪንቃ ማዕከል ላይ ጉዳት ማድረሱን አነሳ፤ እውነት ነው። ከዚያ ግን ማን አደረሰ ወደሚለው ሲሄድ የመድረኩ ኃላፊ ሦስት መልስ ሰረዘ። የተሰረዘውን አልተርክም።

17. ቁጥር 3፣ ያ የኮፍያው ሰው፣ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ድምፁ ተለውጧል። ለቁጥር 4 አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበ፦ ዝርያ ሲገመገም የአገዳው ክብደት ይመዘናል ወይ?

18. ቁጥር 4 የመለሰው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። አገዳን የሚመዝን ሙከራ አለ፤ ገበሬዎችን፣ ሴቶችንም ጨምሮ፣ ማሳ ላይ አምጥቶ የሚያስመርጥ አሰራርም አለ። ግን በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ኩንታሉን መመዘን የሚዛንና የአንድ ቀን ስራ ነው። አስር ገበሬ አምጥቶ ማወያየት ደግሞ መኪና፣ አበልና ጊዜ ይፈልጋል። ከኮፍያው ይልቅ ያ ቢቀድም ደስ ይለው እንደነበር ጻፈ። እንግዲህ የኔ ጥያቄ መልስ ከየትም ይልቅ እዚህ ጋ አለ ብዬ አምናለሁ። የተበላሸው መንገድ ከማዕከሉ ወደ አባቴ የሚሄደው ብቻ አይደለም። ከአባቴ ወደ ማዕከሉ የሚሄደው ጭራሽ አልተጠረገም። ብር የሚጨመር ከሆነ እዚያ ላይ ይጨመር።

19. የመጨረሻው የአባቴ ነው። ቅዳሜ ደወልኩለትና ክሩን በሙሉ አነበብኩለት። የጤፉን ጠብ ዘለልኩት፤ የቆቦዋን ሴት መልስ ሁለቴ አስደገመኝ። የነርሷን ሲሰማ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀ። ከዚያ ለተመራማሪው አንድ ጥያቄ እንዳደርስለት ነገረኝ፦ አገዳው ስንት ክንድ ነው?

ጻፍኩለት። ቁጥር 4 በአስር ደቂቃ መለሰ፤ ሦስት ክንድ ግድም። አባቴ ትንሽ ዝም አለና ሂሳቡን ሰራ። ደጋሊቱን አይተውም። ከወንዙ ዳር ካለችው ማሳ ሩብ ጥማድ ብቻ ለአጭሩ ይሰጣል፤ ያውም ሦስት ጎረቤቶች ጎን ለጎን ከዘሩ፣ ወፉን ለመካፈል።

ትናንት ማታ ደወለ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሁለቱ ወንድማማቾች እሺ ብለዋል። ሦስተኛው ያንን ነሐሴ 10 የመጣ ከረጢት አስታውሶ፣ ዘሩ ሰኔ ሳያልቅ እጁ ካልገባ በቀር ስሙ የትም ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ አስጠንቅቋል።